ኔኔ ኮሞሱ ይከፈታል

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሳልህ ለቀቀህ ወይ? ያ ፎቅ ላይ ያለው ክፍልህ ዛሬም ያፈሳል ወይስ አከራይህ ልብ ገዛ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የእኔ ጉልበት እንደ ልማዱ ነው፤ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። አባትህ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አውቶቡሱን ቢያጣ እኔን መንዳት ጀምሯል። ከጓዳ ወደ ሳሎን ስሻገር እንኳ ቀስ በይ፣ ኩርባ አለ ይለኛል።

የላክኸው ጥራዝ ደረሰኝ። አሳታሚው መጀመሪያው ግራ ያጋባል፣ ስልሳውን ገጽ ቁረጠው፣ የፈጠርካቸውንም ቃላት ሰው በሚያውቀው ቃል ተካቸው ብሎሃል። አንተ ደግሞ እናቴ ካልገባት እቆርጠዋለሁ ብለህ ፍርዱን እኔ ላይ ጣልከው። እኔ ጨርቅ እንጂ መጽሐፍ ቆርጬ አላውቅም። ቢሆንም አነበብኩት።

እውነቱን ልንገርህ፣ አትቀየመኝ። ከልጅነትህ ጀምሮ የምታነባቸው እነዚያ የጠፈር መጻሕፍት ለምን እንደዚያ እንደሚጀምሩ ገብቶኝ አያውቅም። ሰውየው ማን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ይገድሉታል፤ ማዘን እፈልጋለሁ፣ ለማን እንደማዝን አላውቅም። ስጠይቅህ፣ ትንሽ ታገሺ እማ፣ መጨረሻው ይክሳል ትለኝ ነበር። ያንተም ከእነሱ የተማረ ነው። መርከቢቱ በከዋክብት መካከል ትሄዳለች፣ እሺ። አንዱ ቢዲቢውን ተከናንቦ ይተኛል። አንዷ ኮሞሱን ስትወለውል ትውላለች። ሲገናኙም ሲለያዩም ኔኔ ኮሞሱ ይከፈታል ይባባላሉ። ኔኔ ማን ናት? የሚከፈተውስ ምንድን ነው? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ያንተ እንቁላል ግን ስልሳ ገጽ ጨርሼለት እንኳ አልተሰነጠቀም።

የሳይንስ ቃል መስሎኝ አባትህን ጠየቅሁት። እንደ መድኃኒት ስም ጎትቼ ኮ-ሞ-ስ ምን ማለት ነው ስለው፣ በእጁ የያዘው ብሎን አመለጠው። ጎንበስ ብሎ ሲፈልግ ቆየና፣ ጋዝ ነው፣ የጋዝ ዓይነት ነው አለኝ። ከዚያ ብሎኑን ሳያገኝ ወደ ግቢ ወጣ። እኔም ሞኟ አመንኩት። ጋዝ እንዴት እንደሚወለወል እያሰላሰልኩ ሌላ መቶ ገጽ ገፋሁ።

ብዙ ጊዜ ላቋርጠው ዳድቶኝ ነበር። ግን ያቺ መካኒክ አሮጊት አላስቆም አለችኝ። ጉልበቷን እያሻሸች በመርከቢቱ ሆድ ውስጥ የምትድኸው፣ አለቆቿን ሁሉ የምትሳደበው። ከየት እንዳመጣሃት አልጠይቅህም።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችንን ነርስ ዩኒፎርም ዘምዝሜ እንደጨረስኩ የመጨረሻውን ምዕራፍ ያዝኩ። አባትህ ለብቻዬ ስስቅና ስቆጣ ሰምቶኝ ኖሮ፣ እስቲ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ እኛም እንስማ አለ። አነበብኩለት። አሮጊቷ ለዘመናት ታሽጎ የኖረውን ክፍል ሰብራ ትገባለች። ውስጡ ያገኘችው የድሮ ማሽን ነው። ትልልቆቹ ሁሉ በበሽታ ባለቁበት ዘመን የተረፉትን ሕፃናት ንግግር ያስተማራቸው እሱ ነበር። ማሽኑ ደግሞ በእጁ የቀረው የአንዲት ትንሽ ልጅ ድምፅ ብቻ ነው፤ ልጅቷ አልጋ ላይ ተኝታ ከወንድሟ ጋር ስታወራ የተቀዳ። መስኮት ማለት አፏ እምቢ ይላታል። ነገ ማለትም እምቢ ይላታል።

ልጄ፣ እነዚያን ቃላት በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አላውቃቸውም ነበር። ማንም ጽፏቸው አያውቅማ። ከገዛ አፌ ሲወጡ ነው የሰማኋቸው። ኔኔ ኮሞሱ ይከፈታል። ከዚያ በላይ ማንበብ አቃተኝ። ታናሽህ በታመመች ጊዜ፣ ብርድ እንዳይመታት መስኮቱን ዘግቼ፣ ሲሻልሽ ነገ ይከፈታል እያልኩ ስሸነግላት አንተ ግርጌዋ ቁጭ ብለህ ነበር። ገና ጥርስህን እየነቀልክ ነበር። ታስታውሳለህ ብዬ አስቤ አላውቅም። ስሟን ከቤት ያወጣነው አንተ እንዳትጎዳ ብለን ነው። አንተ ለካ አንድ ሕዝብ ሙሉ በእሷ አፍ እንዲናገር ስታደርግ ከርመሃል።

አልቅሼ ሲወጣልኝ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩ። እንዴት ያለ ነገር ነው! ያ ሁሉ ጨለማ የት ገባ? ቢዲቢውን የተከናነበውን ሰውዬ ብርድ ልብሱን ላስተካክልለት ምንም አልቀረኝም።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸውልህ። አንዲት ቃል እንዳትቆርጥ። ኮት ገና በውስጡ ተገልብጦ፣ ክሩ ተንጨባሮ ሳለ የሚመጣ ደንበኛ ጨርቄን አበላሸሽብኝ ብሎ ይጮኻል፤ ገልብጬ ሳለብሰው ያፍራል። አሳታሚህም እስኪለብሰው ይታገስ። አልታገስም ካለ ሌላ ፈልግ። እህትህን የማያውቅ አንባቢም ቢሆን መጨረሻው ላይ ሲደርስ ያውቃታል።

አባትህ ደግሞ ካነበብኩለት በማግስቱ ጠዋት ወደ ስፌት ክፍሌ መጣ። መስኮቱን የጋረደውን ቁም ሳጥን ታውቀዋለህ፤ ታናሽህ ካረፈች ጀምሮ ከቦታው ተነቃንቆ አያውቅም። ልብሱን ሁሉ አወጣና ብቻውን ይገፋው ጀመር። ወገብህን ልትሰብር ነው ብዬ ጮህኩበት። ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ቆመሽ ከምታዪኝ አታግዢኝም ወይ፣ ኮሞሱን ልንከፍተው ነው አለኝ። ያ ያመለጠው ብሎን ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

መቀርቀሪያው ዝጎ ነበር፤ ዘይት ቀባው። ይህን የምጽፍልህ እዚያው ተቀምጬ ነው። አቧራ ይገባል፣ የመንገዱ ጫጫታም አያስቀምጥም፤ አባትህ ግን ዝጋው ብለው አይሰማኝም።

እጅህ ይባረክ ልጄ። የጻፍከው ለብዙዎች ይድረስ፣ መንገድህ ይቅና፣ ክፉ አይንካህ። ደግሞ ሹራብህን ልበስ።

የሁለታችሁ እናት