ጥሬ ሽሪምፕ በጀምበር መጥለቂያ ለሚያስበሉን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ ኤፍራይን ባልዴራማ፣
የሳን ቴልሞ ወደብ ከተማ የቱሪዝም መምሪያ የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ ሲገባ እርስዎ በደህና፣ የተከበሩት ባለቤትዎ በደስታ፣ ጸሐፊዎችዎ በትዕግሥት፣ ከመምሪያዎ ደጃፍ የቆመው የፕላስቲክ ዶልፊንም ቀለሙ ሳይለቅ እንዲገኙ ከልቤ እመኛለሁ። ማቲልዴ ኬሳዳ እባላለሁ፤ የዱራንጎ ሰው ነኝ፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በሥራ ዘመኔ ለስንቱ አለቃ ስለሚያፈስ ጣሪያና ስለጎደለ ወንበር ስጽፍ ኖሬ ደብዳቤ መጻፍ የሰለቸኝ ሰው ነበርኩ፤ እርስዎ ግን የድሮ ሙያዬን አስታወሱኝና እግዜር ይስጥልኝ። ይህኛውን ደብዳቤ በጋዜጣ እንዲወጣ ያደረግሁትም ለመምሪያዎ ቀደም ብዬ የጻፍኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልሳቸው በልብ ቅርጽ የታጠፈ የምስጋና ካርድ ስለሆነብኝ ነው።

ጉዳዬ አጭር ነው። በመጪው ዓርብ ጠዋት የፈቃድ ጉባኤዎ ተሰብስቦ፣ ከዓሣ ገበያው ጥግ አርባ ዓመት ጋሪያቸውን ያቆሙትን የዶኛ ቼላን የንግድ ፈቃድ ይሰርዝ እንደሆነ ይወስናል። የተከሰሱበት ወንጀል ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ መዝጋታቸው ነው። በሳቸው ላይ የቀረበው ዋና ማስረጃ ደግሞ የእኔና የባለቤቴ ፊት ነው፤ ማንም ሳይጠይቀን፣ በስምንት ሜትር ሸራ ላይ ታትሞ። ስለዚህ ቅሬታዬን በቁጥር ላስቀምጥና፣ ትልቅ ሰው ጊዜ እንደሌለው ስለማውቅ፣ ያሻዎትን ቁጥር ዘለው እንዲያነቡ በትሕትና እፈቅድልዎታለሁ።

አንደኛ። እኔና ባለቤቴ ኤቫሪስቶ በየዓመቱ የጋብቻችን ሳምንት ሲደርስ ስምንት ሰዓት ሙሉ በተራራው መንገድ በአውቶቡስ ተንገጫግጨን ወደ ሳን ቴልሞ እንወርዳለን። ኤቫሪስቶ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ከሞተር ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። ሌላ ሽርሽር የለንም፤ ሌላም አምሮን አያውቅም። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ሙሽሮች ሆነን ከመጣንበት ቀን ጀምሮ ከአውቶቡስ ስንወርድ ሻንጣችንን እንኳ ሳናስቀምጥ ከዶኛ ቼላ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን አጉዋቺሌ እንበላለን፤ ጎህ ሲቀድ ከጀልባ የወረደ ጥሬ ሽሪምፕ በሎሚና በአረንጓዴ ቃሪያ ተለውሶ፣ ከሚንኮሻኮሽ የበቆሎ ቂጣ ጋር። እሳቸውም በየዓመቱ ኤቫሪስቶን እስካሁን አልፈታችህም ወይ ብለው ይጠይቁታል፤ እሱም በየዓመቱ ያው መልስ አለው፤ ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ምግብ እንደማትሠራልኝ እያወቅሁ ታግሻታለሁ ይላል። በዓመት አንዴ የሚቀልደው ቀልድ ያ ብቻ ስለሆነ እኔም ቅር አይለኝም።

ዘንድሮ ከሦስት ሳምንት በፊት ስንደርስ ጋሪው ታሽጎ አገኘነው። በእሽጉ ወረቀት ላይ እንደተገለጸው፣ ክቡርነትዎ ባወጡት «ፍቅር በጀምበር መጥለቂያ» በተሰኘው መመሪያ መሠረት፣ በባሕሩ ዳር ጥሬ የባሕር ምግብ የሚሸጥ ሁሉ ለጥንዶች ሲባል ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሻማ አብርቶ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ መክፈት ግዴታው ሆኗል። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የዚሁ ወደብ ተወላጅ እንደሆኑ ሰምቻለሁ፤ ከዓሣ አጥማጅ ቤት መወለድዎንም በየንግግርዎ እንባ እየተናነቀዎት ያነሡታል። እንግዲያው በዚህ ባሕር ዳር ጥሬ ነገር የጠዋት ምግብ መሆኑን፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ መክተፊያው በጨውና በሎሚ ታጥቦ ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ፣ ምሽቱ የተጠበሰ ሥጋና የትኩስ ሾርባ መሆኑን ከኔ ከደገኛዋ መስማት አይኖርብዎትም ነበር። እዚህ አገር ሚስቱን ማታ ጥሬ ሽሪምፕ የሚጋብዝ ባል ቢገኝ ጎረቤት ለውርስ ቸኩሎ ነው ብሎ ይጠረጥረዋል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ሲባል እሰማ ነበር፤ የመነኩሴው ግን ቢያንስ የራሱ ቆብ ነው።

ሁለተኛ። በታሸገው ጋሪ ፊት ደርቀን ቆመን ሳለን አንዲት ሮዝ መታጠቂያ የታጠቀች የመምሪያዎ ልጅ ከየት መጣች ሳንል መጥታ፣ የሳምንቱ ጥንዶች ሆናችሁ ተመርጣችኋል ብላ የነጻ እራት ወረቀት ሰጠችን። ምርጫው በምን እንደተካሄደ ስጠይቃት ሽበታችሁ ለፎቶ ያምራል አለችኝ፤ ለሐቀኝነቷ አመሰግናታለሁ፤ ከመምሪያዎ እውነት የሰማሁት ከሷ ብቻ ነው። በአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ባሕሩ ዳር ምግብ ቤት ሄድን። ለሁለታችን አንድ ሳህንና አንድ ሹካ ቀረበልን፤ ፍቅር አንድ ሹካ ይበቃዋል የሚል ጽሑፍም በእንጨት ተቀርጾ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ክቡር ሆይ፣ እኔና ኤቫሪስቶ ሠላሳ አንድ ዓመት የቆየነው ሹካችን ሁለት ስለሆነ ነው።

ሳህኑ ላይ ያለው ሽሪምፕ ሙሉ ቀን ፀሐይና በረዶ ሲፈራረቁበት ውሎ መልኩ የታመመ ሰው ከንፈር መስሏል፤ ሽታው እንዳይታወቅ ይመስለኛል የማንጎ አረፋ ለብሷል። አስተናጋጁ፣ እድሜ ይስጠውና የወደቡ ልጅ ነው፣ ሻማውን የሚያስተካክል መስሎ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና «እናቴ፣ ይቅርብዎት፤ ሥጋ ላምጣልዎት» አለኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ኤቫሪስቶ ግን የቀረበ ምግብ አይነቀፍም ተብሎ ያደገ ሰው ነው፤ ሹካውም በእሱ እጅ ስለነበረ እኔ ቀና እስክል ሳህኑ ላይ የነበሩትን ሰባቱንም ውጧቸዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ተረት ለካ ለጥሬ ሽሪምፕም ይሠራል።

ሦስተኛ። ፎቶው። ባለቤቴ ዓይኑን የጨፈነው የሚታገለውን ነገር ወደ ታች ለመመለስ ነው፤ ግንባሩ ላይ የሚያበራው ላብ ነው፤ እኔም እጁን የያዝኩት የደም ሥሩን ምት ስቆጥር ነው። ያን ጊዜ ፎቶ አንሺዎ ከየት እንደበቀለ አላውቅም። በማግሥቱ ሥዕላችን ከአውቶቡስ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩም «ዓይኑን ጨፍኖ የሚያፈቅር» ይላል። ይህን እንኳ ስቄ ባለፍኩት፤ ግን ተቆጣጣሪዎ ያንኑ ፎቶ አሳንሶ ከዶኛ ቼላ መዝገብ ጋር አያይዞ፣ እንግዶች የምሽቱን ጥሬ ምግብ በእጅጉ እንደወደዱትና ሴትዮዋ በእልህ ብቻ አሻፈረኝ እንዳሉ ማስረጃ ነው ሲል ጽፎበታል።

አራተኛ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት ባሕሩን ያየነው በሆቴሉ መጸዳጃ ቤት መስኮት በኩል ነው። ቆንጆ ነበር፤ እናመሰግናለን።

አምስተኛው ቅሬታ ቁጥር የሚሰጠው አይደለም፤ ቢሆንም ይስሙኝ። በመጨረሻው ቀን ኤቫሪስቶ በእግሩ መቆም ሲችል ከገበያው ጀርባ ወዳለው የዶኛ ቼላ ቤት ሄድን። የሰባ ሁለት ዓመት ሴት፣ በሥራ ሰዓት፣ እጃቸውን አጣጥፈው ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። የኤቫሪስቶን ፊት አዩና ምን ሆንክ ሳይሉ የሩዝ ሾርባ ጣዱለት። ተቆጣጣሪው መጥቶ መመሪያውን ሲያነብላቸው የመለሱለትን ነገሩን፤ እኔም እርስዎ ዘንድ በትክክል እንዳልደረሰ ስለምጠረጥር ቃሉን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ፦ «ልጄ፣ በአርባ ዓመት አንድ ሰው አላሳመምኩም። አሁን በእርጅናዬ ልጀምር?»

ዓርብ ጉባኤው ፊት ምን ሊሉ እንዳሰቡ ጠየቅኋቸው። ቢላዋ ያልያዘ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቀሚሳቸውን ሲያፍተለትሉ ቆዩና ምንም እንደማይሉ ነገሩኝ። «ፎቶው ላይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ» አሉ። «እናንተ ማታ ከበላችሁ እኔ ምን አፍ አለኝ?» እንደ ወቀሳ አልነበረም አነጋገራቸው፤ እንደተረታ ሰው እንጂ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ አፍሬያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኝቼ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያበሉኝን ሴት እንጀራ የነጠቅሁት በራሴ ፊት ነው፤ ይህን ያደረጉብኝ እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህም ነው ስለ እርስዎ ያለኝን ንቀት በዚህ ሁሉ አክብሮት ጠቅልዬ ለማቅረብ የተገደድኩት።

ስለሆነም ሸራው ከመናኸሪያው እንዲወርድ፣ ፎቶአችንም ከዶኛ ቼላ መዝገብ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ለመጠየቅ ብቻም አልመጣሁም። ዓርብ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ከጉባኤው አዳራሽ የፊት ወንበር ላይ እንገኛለን፤ ኤቫሪስቶ የሐኪም ወረቀቱን ይዞ፣ ዓይኑን ገልጦ። በአደባባይ መናገር እንደማይወድ ነግሬዎታለሁ፤ ወደ ዱራንጎ በተመለስንበት አውቶቡስ ውስጥ ግን ሰባቱን ሽሪምፕ አንድ በአንድ እንዴት እንደሚተርክ ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ፤ ጉባኤው ቁርስ ሳይበላ ቢሰበሰብ ይሻለዋል።

ለሳን ቴልሞ ያደረጉትን ሁሉ እያሰብኩ፣ ሹመትዎ የሚገባውን ጊዜ ያህል ብቻ እንዲረዝም እየጸለይኩ፣ ዶልፊኑንም ሰላም እያልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎት፣

የማይገባኝ ክብር የተሰጠኝ የሳምንቱ ጥንድ ግማሽ፣
ማቲልዴ ኬሳዳ
ዱራንጎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከዶኛ ቼላ ቤት ስንወጣ ኤቫሪስቶ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ሚስማር ላይ የተሰኩ የትእዛዝ ወረቀቶች አየና አንዱ ላይ ዓይኑ ቀረ። የመምሪያዎ ማስታወሻ ወረቀት ነው፤ ጽሑፉ በእጅዎ ነው፤ ፊርማዎም አለበት፤ በየሳምንቱ ሾፌርዎን ሲልኩ የኖሩበት ከሃያ በላይ ወረቀት ከሥሩ አለ። ዶኛ ቼላ «ተዉት፣ ደንበኛዬ ነው» ብለው ሊከለክሉን ሞከሩ። ሰው የማያናግረው ባለቤቴ ነው የመለሰላቸው፦ «ደንበኛዎ ከሆነማ መጥቶ ይመስክርልዎ እንጂ።» ጥቂት አሰቡና ወረቀቱን ከሚስማሩ ነቅለው በገዛ እጃቸው ሰጡኝ። ዓርብ ከጉባኤው ጠረጴዛ ላይ ይሆናል፤ የዶኛ ቼላ የመጀመሪያ ምስክር በመሆንዎም አስቀድሜ አመሰግንዎታለሁ። የተጻፈበት ቀን መመሪያውን የፈረሙበት ያው ማክሰኞ ነው፤ ቃሉም ይህ ነው፦ «ዶኛ ቼላ፣ እንደተለመደው ሁለት ሳህን። ከስድስት ሰዓት በፊት ካልደረሰልኝ ይቅር፤ የከሰዓት ጥሬ ነገር በአፌ አላዞርም።»