«ወዴት» ውስጥ ያለችው ደ

ውድ ልጄ ሆሴዕ፣

ሰላምታዬ ያለህበት ድረስ ይድረስህ፤ ያለህበትን ባላውቅም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፤ ያመኛል፣ ግን አልቀመጥም። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ዱራሜ ያለችው የትምህርት ቤት ጓደኛህ ሊያ «አባባ፣ እርስዎ ይንገሩኝና እኔ በኮምፒውተር ልጻፈው» ብላኝ ነበር። አይሆንም አልኳት። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል ለልጄ ካልሆነች ለማን ልትሆን ነው? ደግሞም እኔና ኮምፒውተርህ ተኳርፈናል። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። አትሳቅብኝ፣ አትቆጣኝ።

ደብዳቤውን የሚይዝልኝ ዋለ የሚባል የጃጁራ ሰው ነው። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው፤ ቤተሰቡን ሊጠይቅ መጥቶ ሰሞኑን ይመለሳል። የጠፉ የአገራችንን ልጆች በየእስር ቤቱና በየሆስፒታሉ እየዞረ ይፈልጋል ብለው ቤተ ክርስቲያን ነገሩኝና ሄጄ ያዝኩት። ከማላዊ ደውለህ «ነገ እንሻገራለን» ካልክ ወዲህ ድምፅህን እንዳልሰማሁ ነገርኩት። አይዞህም አላለኝ፣ ተስፋ ቁረጥም አላለኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ፎቶ አለዎት?»

የለኝም ልጄ። በየሰዉ ግድግዳ ላይ ልጅ በጋዋን ተሰቅሏል፣ የኛ ግድግዳ ባዶ ነው። ስትመረቅ «ለአንድ ቀን ልብስ ተከራይቼ አልቆምም» አልክ፣ እናትህ ገነቴ እየለመነችህ። ፌስቡክህንም ሰው አየልኝ። የራስህን ፊት ትተህ ያቺን የኮምፒውተርህ ምልክት የሆነች፣ መብረር የማትችል ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው ያደረግከው። በዘመን መለወጫችን በያሆዴ የተነሳኸውን ግን፣ ሌላውንም ፎቶህን ሁሉ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳስገባኸው አውቃለሁ። አሳይተኸኛል። ለዋለም «አለ፣ አመጣልሃለሁ» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ስለዚያ ዕቃ የማውቅ መስሎኝ ነበር። እናትህን የቀበርን ሰሞን ከአዲስ አበባ ይዘኸው መጣህና የኔ መሥሪያ ቦታ፣ የእንጨት ፍቅፋቂው መሀል፣ ተቀመጥክ።

«ምንድነው እሱ?» አልኩህ።

«ሊነክስ ይባላል አባ።»

«ማንን ሊነክስ?»

ሳቅህ አላቆም አለ። ከለቅሶው ወዲህ በቤታችን የተሰማ የመጀመሪያ ሳቅ እሱ ነበር። እኔ ግን የምሬን ነው የጠየቅኩህ።

«ሰው ሁሉ የያዘውን» አልከኝ፣ «ሌላ ሰው ሠርቶ ይሰጥሃል፤ እንዳለ መቀበል ነው። ይሄን ግን እኔ ነኝ የምሠራው። መስኮቶቹን የሚያዘውን እንኳ ራሴ መርጬ ነው ያስገባሁት።»

«መስኮት እኔን ጠይቀኝ። ከሌሞ እስከ ዱራሜ ስንት ቤት በኔ መስኮት ነው ብርሃን የሚያየው።»

«እንግዲያው ና እየው።»

አየሁት። ሰው ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ መስኮቶቹ እንደተጣለ ሳንቃ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ነው። ያንተ ጎን ለጎን ነው የሚቆሙት፣ ጫፍ ለጫፍ፤ አዲስ ሲመጣ የነበሩት ጠበብ ብለው ቦታ ይለቁለታል። ከበስተጀርባ እኔ የላግኩትን የዋንዛ ሳንቃ ፎቶ አንስተህ አንጥፈህበታል። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር፣ ቀኑንም በኛ አድርገኸዋል። ማውስ የሚሉትን አውጥተህ ጣልክ፤ ሁሉም በጣት። ለኔ ብለህ ደግሞ በየቁልፉ ላይ ፊደል በወረቀት ቆርጠህ በፕላስተር ለጠፍክልኝ፤ ሀ፣ ለ፣ መ። «አረንጓዴ ክፈፍ ያለበት መስኮት፣ አንተን የሚሰማህ እሱ ነው አባ» አልከኝ። እሺ አልኩ። ሳስበው፣ የገባኝ አረንጓዴ መሆኑ ብቻ ነበር።

ስታስተካክለው ትውል ነበር። የክፈፉን ውፍረት ትቀንሳለህ፣ ቀለሙን ትለውጣለህ፣ አሁንም ትመልሳለህ።

«ሥራ የምትሠራው መቼ ነው? ዕቃ ስታሰናዳ ነው የምትውለው» እልሃለሁ።

«አንተስ አባ፣ መላጊያህን ስትስል አይደል የምትውለው?»

እናትህ ብትሰማ በሳቅ ትወድቅ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ በግራ በኩል ባለው መስኮት፣ ፋይል ማኔጀር በምትለው፣ ዕቃህን ታጸዳለህ። ረድፉ ላይ ጣትህ ጠብ ሲል አንዱ ስም ይጠፋል፣ ጠብ ሲል ሌላው።

«በስህተትስ ብትነካ?»

«ሰው ጋ ያለው ሊያጠፋ ሲል ‹እርግጠኛ ነህ?› ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን እኔ አውጥቼዋለሁ። የማደርገውን አውቃለሁ። ለምን ሁለቴ እጠየቃለሁ?»

በሆዴ «የኔ ልጅ!» አልኩ። እኔም መጋዝ ይዤ ሰው ሲያቋርጠኝ አልወድም። ከዚያ «ሥራ አግኝቻለሁ፣ ዱራሜ ደርሼ ልምጣ» ብለህ ወጣህ፤ ስትደውል «አባ፣ ሞያሌ ነኝ» አልክ። ጥያቄውን ከኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም ያወጣኸው ማለት ነው። ከቤታችንም አውጥተኸዋል። ማንም እርግጠኛ ነህ ሳይልህ ሄድክ።

አሁን ያደረግኩትን ልንገርህ። ዋለ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ስልክህ ከተዘጋ ሰነባብቷል። ከሰዓት ላይ፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፣ ውጭ ይዘንባል። ኮምፒውተርህን ከፈትኩት። መክፈት አሳይተኸኛል፤ መቆለፊያ ቃል እንኳ የለውም፣ «የሚሰርቀኝ ሰው ከፍቶ ምን ሊያደርገው ነው» ብለህ። ሁለቱ መስኮቶች መጡ፤ በግራ ያ ረድፍ፣ በቀኝ አንተ የምትጽፍበት ባዶው። ይህ ዕቃ ቃልህን የሚሰማ ከሆነ ማን ያውቃል፣ አንተ ያለህበትም ይደርስ ይሆናል አልኩ። በቀኙ ባዶ መስኮት ላይ ዓይኔን ተክዬ በአንድ ጣቴ ጻፍኩ።

ልጄ ሆሴዕ ወዴት ነህ።

ጄም ሆም ዴም የለጠፍክልኝ የለም፤ ግዕዙን ብቻ ነው። ለ፣ ጀ፣ ሀ፣ ሰ እያልኩ ሄድኩ። በቀኝ ምንም አልተጻፈም። በግራ ግን ነገሩ ተንቀሳቀሰ፤ ገባ፣ ወጣ፣ ከዚያ ከረድፉ አንዱ ስም ብድግ ብሎ ጠፋ።

ሄደ! አልኩ። ተላከ!

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። እታለም፣ ጎረቤታችን፣ በአጥሩ በኩል ጎመን ትቆርጣለች።

«ለሆሴዕ ጻፍኩለት!» አልኳት።

«በምን?»

«በኮምፒውተሩ።»

«አንተ?»

«እኔ ነኛ!»

«አቤት የሆሴዕ አባት! ይሄኔ እያነበበ ይሆናል» አለችና ቢላዋዋን ይዛ እልል አለች። ያን ቀን እራቴን በደንብ በላሁ።

ዋለ ፎቶ ባለኝ ማግስት ኮምፒውተሩን አቅፌ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ተገኘ ከሚባል ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ከፈተው። ጣቱን በዚህም በዚያም አለ።

«አባባ፣ ይሄ ዊንዶው የለውም።»

«እንዴት የለውም? ይኸው ሁለት መስኮት።»

«አይ፣ እሱን ማለቴ አይደለም። ቫይረስ በልቶታል። ፎርማት ላድርግልዎት፣ አዲስ ይሆናል።»

«ፎርማት ምንድነው?»

«ማጽዳት ነው።»

«ቤት መጥረግ ነው ወይስ ቤት ማፍረስ?»

ልጁ ውሸታም አይደለም፤ አሰበ። «ማፍረስ ነው» አለ፣ «ግን ቆንጆ አድርጌ ነው የምሠራልዎት።»

ዘግቼ ይዤው ወጣሁ። አንተ በእጅህ ያቆምከውን ቤት፣ አንተ በሌለህበት፣ እኔ ልጄን ልፈልግ ብዬ አላስፈርስም። ሚኒባስ ያዝኩና ዱራሜ ሊያ ቢሮ ገባሁ። ዕቃውን ስታየው ገና ፈገግ አለች።

«የሱ ነው! ትምህርት ቤትም እንዲህ ነበር። ማንም ሊነካለት አይችልም። እያንዳንዱን ቁልፍ በራሱ መንገድ ነው የሚያስረው።»

ቀስ ብላ ሞከረች፤ አንዱን ቁልፍ እየነካች፣ የሆነውን እያየች። ስሞቹን በሀዲይኛ ነው ያወጣህላቸው፣ በፈረንጅ ፊደል። እሷ የከምባታ ልጅ ናት፤ ማንበብ ትችላለች፣ የሚለውን በደንብ አታውቅም። እኔ የገዛ ቋንቋዬ ነው፣ ማንበብ አልችልም። እየቆራረሰች ታነባለች፣ እኔ እተረጉማለሁ።

«ይሄስ አባባ?»

«የእንጨት ሥራ ማለት ነው።»

«ይሄስ?»

«የእናቴ ነው የሚለው። እሱን አትክፈቺው።»

እስከ ታች ወረደች። ተመልሳ ወጣች። ፎቶ የሚል ስም ግን አልተነበበም። ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ዕቃው አስጠጋን፣ በመጠጋት የሚገኝ ይመስል።

«ማን ነካው አባባ?»

«ማንም። እኔ ብቻ። ደብዳቤ ልኬለት ነበር» አልኩ፣ አሁንም ኩራቴ አለቀቀኝም። የጻፍኩትን ነገርኳት።

እጇ ቁልፎቹ ላይ ቆመ። ከዚያ በለጠፍክልኝ ፊደሎች ላይ ጣቷን እያደረገች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አሳየችኝ። አረንጓዴው ክፈፍ በግራ ነበር። የሚሰማኝ የግራው ነበር፣ እኔ የማየው የቀኙን። በዚያ በግራው ደግሞ ፊደል ፊደል አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። ለ ወደ ውስጥ ያስገባል። ጀ ወደ ታች ያወርዳል። ሀ ወደ ኋላ ይመልሳል። ደ ያጠፋል።

ልጄ ስል አስገባኝ። ሆሴዕ ስል አወጣኝ። ወዴት ስል፣ «ወዴት» ውስጥ ያለችው ደ ፎቶህን ሁሉ አጠፋች። ዕድሜ ልኬን የመስኮት ክፈፍ ስሠራ ኖሬ ክፈፉን አላየሁም።

«ከጠፋ በኋላ የሚጠራቀምበት ቦታ ነበር» አለች ሊያ፣ «እሱንም አውጥቶታል።» ወዲያው ዕቃውን ዘጋችው። «ከዛሬ በኋላ አይክፈቱት አባባ። በተከፈተ ቁጥር በጠፋው ላይ ሌላ ነገር ይጻፍበታል። አዲስ አበባ የጠፋ የሚያወጡ አሉ ይባላል፤ እጠይቅልዎታለሁ። ተስፋ ግን አልሰጥዎትም።» እሷ ጋ ያለው የክፍል ፎቶ ላይ አንተ ከኋላ ቆመህ ጆሮህ ብቻ ነው የሚታየው።

ኮምፒውተሩ አሁን በእናትህ ጋቢ ተጠቅልሎ አልጋዬ ላይ ነው። አልከፍተውም። አንዳንዴ እጄን አሳርፍበታለሁ።

ዋለ ሊሄድ ነው። እታለምን አስከትዬ ሄድኩና ፎቶው እንደጠፋ ነገርኩት።

«እንግዲያው መልኩን ይንገሩኝ።»

«ረጅም አይባልም፣ አጭርም አይደለም። ጠይም ነው። ጸጉሩ...» አልኩና ቆምኩ።

«አባባ፣ እንዲህ ያለ ልጅ እዚያ ሺህ ነው።»

ዓይኔን ስጨፍን አይሃለሁ እኮ! ከንፈርህን ስትነክስ፣ ሲያስቸግርህ። አፌ ግን አያመጣህም። በፊደል የማትያዝ፣ በአፍም የማትያዝ ሆንክብኝ። የሰው ቤት ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ እንባዬ መጣ። እታለም አላዘነችልኝም፤ ተቆጣች።

«ምን ያርበተብትሃል የሆሴዕ አባት? ራስህን አታሳየውም? ቁርጥ አንተን አይደል እንዴ! ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ ያ ድርቅናው!»

ከዚያው ፎቶ ቤት ወሰደችኝ። ፎቶ አንሺው «አባባ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ» አለኝ።

«ልጄ ለፎቶ ፈገግ አይልም» አልኩት።

ኮፍያዬን አወለቅኩ። እዚያ ዕቃ ፊት ስትቀመጥ እንደምትሆነው አንገቴን ወደ ፊት አድርጌ ግንባሬን ቋጠርኩ። ያንተን ፊት በኔ ፊት ላይ ለማምጣት የቻልኩትን ሁሉ አደረግኩ። ምን ያህል እንደመጣህ አላውቅም።

ዋለ አየው። «ይሄ እርስዎ ነዎት» አለ።

«አርባ ዓመት ቀንስለት።»

ሊስቅ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። ፓስፖርቱ ውስጥ አስገባው።

ልጄ፣ ሌላ ማድረግ የምችለው አልቀረኝም። ጸሎት አለ፣ እሱን አልተውኩም። እንግዲህ የማላውቀው ሰው በማላውቀው አገር ፊቴን ይዞ ይዞራል። አንድ ቀን፣ እስር ቤትም ይሁን ሆስፒታል፣ አንድ ሰው የተኮሳተረ ሽማግሌ አሳይቶ «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» ብሎ ይጠይቅህ ይሆናል። እንደመጠየቅ የምትጠላው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ አባትህ አይደለሁ? ያን ጊዜ ግን እልህ አትጋባ። አፍረህም ዝም አትበል። አዎ በለው። እርግጠኛ ነህ ቢልህም፣ ሁለተኛም አዎ በለው።

ከሆሳዕና፣
አባትህ ኤርሲዶ