ዘይቤ ሰርዤ ስላሳሰርኳቸው ሽማግሌ

ለምርጫ ወቅት ጽሑፎች መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤናና ሰላማዊ እንቅልፍ እመኝልዎታለሁ፤ የእኔ እንቅልፍ እንደሆነ ከረቡዕ ወዲህ እርስዎ ዘንድ ሳይሄድ አልቀረም።

እኔ የአንዲት ሳምንታዊ ጋዜጣ አራሚ ነኝ። ሥራዬ በቀይ እስክሪብቶ ስሕተት መልቀምና ከገጹ ግርጌ መፈረም ነው፤ ያለ እኔ ፊርማ ማተሚያ ቤት የሚገባ ገጽ የለም። አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ሰምቻለሁና።

፩ኛ. በመመሪያዎ አንቀጽ ሁለት፣ ምርጫው እስኪያልፍ ተረትና ምሳሌ፣ ዘይቤና አሽሙር ቀርቶ ሁሉም ነገር በግልጽ እንዲጻፍ ስላዘዙ ከልብ አመሰግናለሁ። ሠላሳ ዓመት በአሽሙር የኖሩት አንጋፋው አምደኛችን፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ ስለ ጎተራና ስለ አይጥ የጻፉትን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ፣ እኔ ታዛዡ ምን ለማለት እንደፈለጉ ጠየቅኳቸው። ሳቅ ብለው ነገሩኝ። እኔም አይጧን ሰርዤ የነገሩኝን ጻፍኩ፦ የምዝገባ ጣቢያው ኃላፊ የሞቱ ሰዎችን በመራጭነት መዝግበዋል። ፈረምኩበት። እርሳቸው ደግመው ሳያዩት ታተመ።

፪ኛ. ረቡዕ ረፋድ ላይ ሰዎችዎ መጥተው አባባን መነጽራቸውን እንኳ ሳያነሡ ወሰዷቸው። ስለ ቅልጥፍናዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። መነጽሩ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ልጃቸው በየቀኑ እየመጣች አባቷ የት እንዳሉ ስትጠይቀኝ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር መብራት አጠፋለሁ። ባለቤቴ፣ ዝም አይነቅዝም፣ እባክህ አርፈህ ተቀመጥ እያለች ትለምነኛለች። ምን ላድርግ፣ የእኔ ዝምታ በአምስት ቀኑ ነቀዘ።

፫ኛ. ይህን አሳጥረዋለሁ። አባባ የጻፉት ስለ አይጥ ብቻ ነው፤ ያ ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው። ፊርማዬ ከጋዜጣው ገጽ ግርጌ አለ፣ ከዚህ ደብዳቤ ግርጌም አለ፤ ያመሳክሩት። እርሳቸውን ይልቀቁና እኔን ይውሰዱ። ብርድ ልብሴን አጥፌ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ።

ከላቀ አክብሮትና ካልተደበቀ ፍርሃት ጋር፣
የመመሪያዎ ታማኝ አስፈጻሚ፣
አራሚው

ማስታወሻ፦ ለዝግጅት ክፍላችን የላኩት ማስጠንቀቂያ «የሕግ ክንድ ረጅም ነው» ይላል። ይህ በአንቀጽ ሁለት የተከለከለ ዘይቤ ስለሆነ በቀይ ሰርዤ መልሼልዎታለሁ፤ ክንዱ የማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍልን።