የቦራ አራተኛ ጥርስ

ላፍቶ፣ ኅዳር 1956 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ሮበሌ፣

ስጽፍልህ ሁልጊዜ «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» ብዬ ነበር የምጀምረው። ዛሬ እጄ እዚያ ላይ ቆመ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ፤ የፈረስህ የቦራ አራተኛ ጥርስ ወለቀ።

ወደ ኮንጎ ልትዘምት ሁለት ቀን ሲቀርህ ቦራን ከበረቱ ፊት አቁመህ ከንፈሩን ገልጠህ አሳየኸኝ። ያኔ ገና የሁለት ዓመት ውርንጭላ ነበር። «እነዚህ መሀል ያሉት ሁለቱ የወተት ጥርሶች ቢወልቁም ገና ልጅ ነው፤ እንዳትቀመጥበት» አልከኝ። «ከግራና ከቀኝ ያሉት ሲጨመሩ አራት ይሆናሉ። አራተኛው ሲወልቅ ጻፍልኝ፤ የቀረውን ያኔ እነግርሃለሁ።»

«ጥርሱ ካለቀ ምን ይቀራል?» ብዬ ጠየቅኩህ።

ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርገህ ሳቅክ። «ብዙ ይቀራል። ለነገሩ ያኔ እኔም ተመልሻለሁ።»

የቀረውን ሳትነግረኝ ሄድክ። አራተኛው ጥርስ ዛሬ እሑድ ጠዋት ወለቀ፤ አንተ የለህም፤ እኔም ጻፍ ስላልከኝ እየጻፍኩ ነው። ግን ጥርሱን ብቻ ጽፌ ማቆም አልችልም። ያልነገርኩህ ነገር አለ።

ባለፈው ዓመት በጥምቀት ማግስት ከሀና ማርያም በታች ያለው ሜዳ በፈረሰኛ ተሞልቶ ነበር። ሰው እንዲያየው ብዬ ቦራን እየሳብኩ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ኮርቻህንም ይዤ ነበር። «ለማየት ብቻ ነው» እያልኩ ራሴን አታለልኩ። የጎረቤታችን ልጅ ሞልቱ በአባቱ ፈረስ ላይ ሆኖ አጠገቤ መጣና ጮክ ብሎ፣

«አንተ ለታ! ይሄን ነገር ልትጋልበው ነው ወይስ ለወታደሩ ወንድምህ ለፋሲካ ልታርድለት እያደለብከው ነው?» አለኝ።

«ገና ነው። ሁለት ጥርስ ብቻ ነው የለወጠው።»

«ጥርሱ ላይ ነው እንዴ የምትቀመጠው?»

ሜዳው ሁሉ ሳቀ። እኔ ራሴ ልስቅ ነበር፤ ግን ፊቴ እሳት ሆነብኝ። ኮርቻውን ጫንኩና ወጣሁበት።

ቦራ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ምን እንደሆነ አልገባውም። ከዚያ ከሥሬ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ሞልቱ ከኋላ በአለንጋ ሲነካው ፈረጠጠ፤ ሜዳውን ሁለቴ ዞርን። አንተ ሰው ሲያጨበጭብልህ እንዴት እንደምትሆን አላውቅም፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም ልደብቅህ አልፈልግም። ሦስተኛው ዙር ላይ የፊት ጉልበቶቹ ታጠፉ፤ ሁለታችንም ወደቅን። ኮርቻው ለትልቅ ፈረስ የተሠራ ስለነበር የእሱን ጀርባ ልጦት ነበር። ግራና ቀኙ ደም ነበር።

ለአባዬ «መንገድ ዳር ያለው ሽቦ አጥር ላይ ታክኮ ነው» አልኩት። አባዬ ውሃ አሙቆ ጨው ጨመረበት። ገጣባውን በየጠዋቱ አብረን እናጥበው ነበር። ቁስሉን እሱ ሲያጥብ ቦራ ይቆማል፤ እኔ ስነካው ግን ይሸሻል። አባዬ ይህንን ያየ አይመስለኝም ነበር።

በጥር መጨረሻ አባዬ እንደ ልማዱ በኦሮምኛ እየነገረኝ እኔ በአማርኛ ጻፍኩልህ። «ቦራ ጀርባውን ቆስሏል በለው። ሽቦ ቧጭሮት ነው፣ እያከምኩት ነው፣ አታስብ በለው። ምን ላድርግለት ብሏል አባታችን ብለህ ጠይቅልኝ» አለ። እኔ ግን የጻፍኩት «ቦራ ደህና ነው፤ ማንም ሳይነካው እየጠበቀህ ነው» ብዬ ነው። አባዬ ወረቀቱን ተቀብሎ ፊደሎቹን አየት አየት አደረገና «ጥሩ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

መልስህ በየካቲት መጣ። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ለአባዬና ለእማዬ እያነበብኩ መሀል ላይ ስደርስ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ስለ ቦራ የጻፍክልኝን ድንኳን ውስጥ ላሉት ሁሉ አነበብኩላቸው። አንዱ የጎጃም ልጅ፣ እስከ ዛሬ ሳይወጣበት ታገሠ? ብሎ ሊያምነኝ አልቻለም። ወንድሜን አታውቀውማ አልኩት።»

ዘልዬው ወደ ሰላምታው ሄድኩ።

አባዬ «ስለ ፈረሱ ቁስል ምንም አላለም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አላለም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለ። ሮበሌ፣ አባዬ እስከ ዛሬ የሚያውቀው ያንን ነው። ልጁ በመጨረሻው ደብዳቤ የሚወደውን ፈረስ ቁስል ሰምቶ እንዳልሰማ እንዳለፈው ነው የሚያውቀው።

በሚያዝያ ከጦር ክፍልህ አንድ ምክትል አስር አለቃ መጣ። መኪናችሁ ድልድይ ላይ እንደተገለበጠና እዚያው እንደቀበሩህ ነገረን። ኮትህን ብቻ ይዞልን መጣ። አስከሬን ስላልነበረ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ለቅሶው በፈረስህ ይሁን አሉ፤ ኮርቻ ተጭኖበት፣ ኮትህ ከላይ ተደርጎ፣ ሰው ሳይቀመጥበት ሜዳውን ይዞራል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ኦቦ ዱጉማ፣ ወደ አባዬ ዞረው፣

«በንቲ፣ ይሄ ፈረስ ኮርቻ ይቀበላል?» አሉት።

«እኔ አላውቅም፤ ለታ ነው የሚያውቀው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አይቀበልም» ብል ለምን ሊሉኝ ነው። ቁስሉ ደርቆ ነበር፤ ጠጉር ግን ገና አላበቀለም። «ይቀበላል» አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ያልደረሰውን ደርሷል አልኩብህ።

ኮርቻው ጀርባውን ሲነካው ቦራ ሰማይ ለሰማይ ዘለለ። ጠፍሩ ተበጠሰ። ኮርቻውም ኮትህም ለቀስተኛው ሁሉ ፊት ጭቃው ላይ ወደቁ። እማዬ የጮኸችውን ጩኸት ልጽፍልህ አልችልም። ሰው ሊይዘው ሲሮጥ አባዬ «ተዉት» አለ። ቀስ ብሎ ሄዶ ቦራን አንገቱን አቅፎ አረጋጋው። ከዚያ መጀመሪያ የፈረሱን ጀርባ፣ ቀጥሎ የኮርቻውን ሥር አየ። ጠባሳው ግራና ቀኝ እኩል ነው። ሽቦ እንደዚያ አይቧጭርም። እኔን አላየኝም። ኮትህን አራግፎ ለበሰው፤ ኮርቻውን በትከሻው ተሸከመና ቦራን እየሳበ ሜዳውን ዞረ። እጅጌው አጥሮበት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ «በላህ?» ይለኛል፤ በቃ።

ዛሬ ጠዋት የቦራን ከንፈር ገልጬ ሳይ መጣና ከኋላዬ ቆመ።

«ስንት ሆነ?»

«አራት።»

«ሮበሌ አራት ሲሆን ጻፍልኝ ብሎህ አልነበረም?»

«ብሎኝ ነበር።»

«እንግዲያው ጻፍለት። እኔ አልነግርህም፤ አንተው ጻፍ። ስትጨርስ ታነብልኛለህ።»

አራቱም ወልቀዋል፤ አንተ ባልከኝ ልክ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ግን ባዶ እጄን ስሄድ አፍንጫውን ትከሻዬ ላይ ያሳርፋል፤ ብርድ ልብስ እንኳ አጥፌ ይዤ ስሄድ የጀርባው ቆዳ ከአንገቱ እስከ ጭራው ይርገበገባል። ጥርሱ ደርሻለሁ ይላል፤ ጀርባው አልደረስኩም ይላል። የትኛውን ነው የማምነው? ቀረ ያልከኝ ይህ ነበር? ወይስ ይህንን እኔ ነኝ ያመጣሁበት፣ አንተም ብትኖር የምትለኝ ነገር አይኖርህም ነበር? ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አታውቅም።

ይህ ደብዳቤ የሚላክበት ቦታ የለም። የጦር ሰፈሩን የፖስታ ቁጥር ግን አሁንም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ፖስታው ላይ ጽፌዋለሁ።

አባዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ቦራን አጠገቡ አስሮታል። የአንተንም የየካቲት ደብዳቤ ከሣጥን አውጥቼዋለሁ። መጀመሪያ የአንተን አነብለታለሁ፤ ስለ ቦራ ያልከውን ሁለቴ አነብለታለሁ። ከዚያ ይህንን። አሁን መስመር አልዘልም።

ከዚያ በኋላ አባዬ በቦራም በእኔም ላይ ያለውን ይበል። እሱ ሳይል ያንን ኮርቻ አልነካም።

ወንድሜን አታውቀውማ ያልክለት፣
ለታ በንቲ