አቶ ሰማው የፎከሩበት ምንሽር

ለወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ብቸና

ቀን፦ ሚያዝያ 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የነፃነት በዓል በየዓመቱ በብቸና የሚከበርበት ሥርዓት ሲወሰን የአባቴ አሟሟት በአደባባይ እንዲነገር ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የብቸና ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ ጽሕፈት ቤቱ ሚያዝያ 27ን ከዘንድሮ ጀምሮ በየዓመቱ በከተማችን ለማክበር መነሣቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ደስታዬን ያደፈረሰው የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው የተመረጡት አቶ ሰማው ታዘበው ናቸው።

1. አባቴ ባንተአምላክ በአርበኝነት ሲዋጉ ቆይተው በ1930 ዓ.ም. በተሸሸጉበት ዋሻ በጣሊያን ወታደሮች ተገደሉ። ወታደሮቹን እየመራ ያመጣው የአቶ ሰማው አባት ታዘበው ነው። አንቱ ልለው አፌ እምቢ ብሎኛል። ለውለታው የአባቴን ምንሽር ሸለሙት። ነፃነት ሲመለስ ጎፈሬውን አሳድጎ ከአርበኞች ጋር ተቀላቀለ። እናቴ የሚሰማት አጥታ አንጀቷ እንዳረረ ሞተች።

2. አምና በዓሉ በሞጣ ሲከበር የሟች አርበኞች ስም እየተጠራ ልጆቻቸው ይፎክሩ ነበር። ፎካሪ የአባቱን ስምና መሣሪያውን መጥራት ወጉ ነው። አቶ ሰማውም አባታቸውን ከአርበኞች መካከል አስጠርተው ኖሮ፣ «የታዘበው ልጅ፣ አባቴ ከጠላት የማረከው ይኸው» ብለው ምንሽሩን ከፍ አደረጉት። ዝም ብለው ቢቀመጡ ጠብመንጃው ዛሬም በእጃቸው እንዳለ ማንም አያውቅም ነበር። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረ ነው፤ ጠፍሩን አባቴ ሲያስሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። በወጣትነታቸው ከነስንጥቁ ለአባቴ የሸጡላቸው የሞጣው ነጋዴ፣ ዛሬ ያረጁት ሐጂ ሙሂዲንም አጠገቤ ቆመው ነበርና ወዲያው ለዩት። በተጠሩበት ቀን ቀርበው ይመሰክራሉ።

3. ይህ እንደታወቀ አቶ ሰማው ጠብመንጃውን በስውር ሊመልሱልኝ፣ በሬ አርደውም ሊታረቁኝ ሽማግሌ ላኩብኝ። ሽማግሌዎቹ «ልጁ ምን በደለ?» አሉኝ። ልጁ የፎከረው በአባቴ ሬሳ ላይ ነው ብዬ መለስኳቸው። ቂመኛ ነሽ ብለውኝ ሄዱ። አልተሳሳቱም።

ስለዚህ አቶ ሰማው ከሰብሳቢነታቸው እንዳይነሡ በትሕትና እለምናለሁ። ጠብመንጃውም አይወሰድባቸው። ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር ምንሽሩን ይዘው በሕዝብ ፊት ይቁሙ፤ የማን እንደነበረና ታዘበው እንዴት እንዳገኘው በገዛ አፋቸው ይናገሩ። እሳቸው ሲያልፉ የበኩር ልጃቸው፣ ከዚያም የልጅ ልጃቸው እየተተካ እንዲናገር በበዓሉ ሥርዓት ውስጥ ተጽፎ ይወሰንልኝ።

እኔ አርጅቻለሁ፤ ቂሜን የማወርሰው ልጅም አልወለድኩም። በዓሉ ግን የመንግሥት ነውና እኔ ብሞትም በየዓመቱ ይመጣባቸዋል።

ለጽሕፈት ቤቱ ከሚገባ ሰላምታ ጋር

ወ/ሮ ስንቄ ባንተአምላክ
(ፊርማ)