ከማንቆርቆሪያው ጀርባ ያለው ጡብ

ለወንድሜ ሰልማን

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ጨጓራህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ፈተና በመጣ ቁጥር ነው የሚነሳብህ? የአክስቴ የኡሙሀኒ ጉልበትስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደማም ከወዲሁ መንደድ ጀምራለች። እማ ደህና ናት፣ ትንሿ ጀና ሁለት ጥርስ አውልቃለች፣ አባባም እስከ ዛሬ ደህና ነው።

ባለፈው ክረምት ረስተኸው የሄድከው የሙቀት ትምህርት ደብተር እኔ ጋ ነው። ስትፈልገው ከነበር ይቅርታ፤ ካልፈለግከው ደግሞ ያለ ደብተር እንዴት እንዳለፍክ ለአክስቴ እነግራታለሁ። ሥራ ስፈታ ሳገላብጠው ገባኝ። ውስጡ ጡብ፣ ውጩ ብረት የሆነ ምድጃ ነዶ ሙቀቱ ከረጋ በኋላ፣ በጡቡ ውስጥ የሚያልፈው ሙቀትና ከውጩ ብረት ወደ አየሩ የሚወጣው እኩል ነው፤ መሀል ላይ የሚቀር የለም። ስለዚህ የብረቱን ሙቀት ያወቀ ሰው ምድጃውን ሳይከፍት የጡቡን ውፍረት ያውቃል። እማ የአባባን ፊት ከበር ላይ አይታ አለቃው ምን እንዳለው እንደምታውቀው ማለት ነው።

አባባ የሚሠራበትን የአሉሚኒየም ማቅለጫ ታውቀዋለህ። የምድጃውን የውጭ ሙቀት በየቀኑ መዝግቦ ያስረክባል። የእንግሊዝኛ ፊደል እንደ ጉንዳን ስለሚበተንበት፣ በየሐሙሱ በንጹሕ ቅጽ ላይ የምገለብጥለት እኔ ነኝ። ቅጹ ላይ ከመቶ ሃያ ዲግሪ ካለፈ ምድጃው ይቁም የሚል ታትሟል። ድሮ አባባ የሚለካው ዘጠና ስምንት ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን በአባባ ብጣሽ ወረቀት ላይ መቶ አርባ፣ መቶ ሃምሳ፣ መቶ ስድሳ ማየት ጀመርኩ። አባባ «መቶ አሥራ አምስት ብለሽ ጻፊ፤ አለቃው ሙዲሩ የተያዘው ሥራ እስኪያልቅ ምድጃው አይቆምም ብሏል» አለኝ። ጻፍኩ። የአባባ ዕድሜም ሃምሳ አንድ ላይ ከቆመ አምስት ዓመቱ ነው፣ ምድጃው ከእሱ ተምሮ ነው ብዬ ሳቅሁ።

ሳቄን ያስተወኝ ጋሽ ዘይኑዲን ነው። የአባባ የሥራ ጓደኛ፣ ያ ጣቱን በምራቁ አርሶ ብረት ነክቶ «ደህና ነው» የሚለው፣ መዳፉ ከጡብ የሚወፍረው ሰውዬ። ባለፈው ዓርብ ከሚኖርበት ከኾባር ምሳ ሊበላ መጥቶ ነበር። ለካ ከምድጃው ግድግዳ ብረት ላይ ትንሽ መደርደሪያ በይደው የሻይ ማንቆርቆሪያቸውን ያስቀምጡበታል። በፊት ውሃው ይሞቃል እንጂ አይፈላም ነበር። «አሁን እኮ ለሶላት ውዱእ አድርጌ ሳልጨርስ ይንተከተካል፤ ግድግዳው በረካ ገባበት» አለ። አባባም ሻዩ መጣፈጡን መሰከረ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከውስጥ እየተበላ ባለ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ሻይ ያሞግሳሉ።

አባባ ቴርሞሜትሩን ከተለመደው ቦታ አንስቶ ከመደርደሪያው ጎን እንዲያስጠጋው ነዘነዝኩት። ዝም ላሰኛት ብሎ ትናንት አደረገው። ሁለት መቶ ሃምሳ ዲግሪ አለ።

ስሌቱን አብረኸኝ እይ። ውስጡ ስምንት መቶ ነው፣ የአዳራሹ አየር አርባ። ከብረቱ ወደ አየሩ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት በካሬ ሜትር ሃያ ዋት ይወጣል ብለህ ጽፈሃል። ልዩነቱ ሁለት መቶ አሥር ስለሆነ አራት ሺህ ሁለት መቶ ዋት መጣ። ያው አራት ሺህ ሁለት መቶ በጡቡ ውስጥ ማለፍ አለበት። በጡቡ ውስጥና ውጭ መካከል ያለው ልዩነት አምስት መቶ ሃምሳ ነው፤ የጡቡ የማስተላለፍ ቁጥር ግማሽ። ግማሽን በአምስት መቶ ሃምሳ አባዝተህ ለአራት ሺህ ሁለት መቶ ስታካፍል ስድስት ሳንቲ ተኩል ይወጣል። ምድጃው መጀመሪያ ሲገነባ ሠላሳ ነበር። በድሮው በዘጠና ስምንት ዲግሪ ስሞክረው ልክ ሠላሳ መጣልኝ፤ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

ከስድስት ሳንቲው ወዲያ የቀለጠ አሉሚኒየም አለ፣ ወዲህ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውሃ። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ደብተርህ ላይ የለም። አባባ ግን ያውቃል። እርጥብ ማማሰያ ምድጃው ውስጥ የከተተ ሠራተኛ አሉሚኒየሙ ፈንድቶበት ሁለት ዓይኑን እንዳጣ የነገረን እሱ ራሱ ነው።

ዛሬ ቅጹን ስገለብጥ ሁለት መቶ ሃምሳ ብዬ ጻፍኩ፣ በትልቁ፣ በማይፋቅ እስክሪብቶ። አባባ መነጽሩን አድርጎ አየው። ለጩኸቱ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ አልጮኸም። ከጎኔ ቁጭ ብሎ ስሌቱን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። «ሌላ ያልለካነው ቦታ ከዚህ የባሰ ቢኖርስ?» አለኝ። እዚያ ጡቡ ከዚህም ይሳሳል አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ቅዳሜ ለሙዲሩ በእጄ እሰጠዋለሁ አለ። አይቆምም ቢልህስ ስለው፣ የሁላችንም ፓስፖርት በአሠሪያችን በካፊሉ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አስታወሰኝ።

ከዚያ ለጋሽ ዘይኑዲን ደውሎ «ቅዳሜ ወገቤን አሞኛል በልና ቅር» ሲለው ሰማሁ። ለምን ብሎት መሰለኝ፣ «አንተን አርጅቶ ነው ይሉሃል እንጂ ማን ይጠራጠርሃል» ብሎ ሳቀ። ስልኩን ዘግቶ ወደ ማድ ቤት ገባና እማን የቅዳሜውን ምሳ ለአንድ ሰው ብቻ ቋጥሪ አላት። እስከ ዛሬ የምትቋጥረው ለሁለት ነበር።

ልደውልልህ አስቤ ነበር፤ አሁን ግን እማ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣለች፣ እሷ ደግሞ ስለ ምድጃው አልሰማችም። ደብዳቤውን የምታመጣልህ ነርሷ ሰሎሜ ናት፤ የምትሳፈረው ሰኞ ነው። ስለዚህ ይህን ስታነብ ቅዳሜ አልፏል። እንደጨረስክ ቴሌ ሄደህ ደውል። ስሌቱ ላይ ስህተት ካገኘህ እኔን አትጥራኝ፤ አባባን አስጠርተህ ለእሱ ንገረው።

አክስቴን ኡሙሀኒን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ ይህን ግን እንዳታነብላት። ባሏን ጋሽ ኢስማኤልን ሰላም በልልኝ፤ ሬዲዮኑን እዚህ ድረስ እየሰማነው ነው በለው። ልጃቸውን ባሲልን ጆሮውን ቆንጥርልኝ። ጀና ትስምሃለች። እማ በየሶላቷ ዱዓ ታደርግልሃለች። አባባ ሌላ ጊዜ ትምህርቱን ያጥና፣ ፀጉሩን ይቆረጥ፣ ሰው አይመን በይው ነበር የሚለኝ። ዛሬ ሰላም በይው ብቻ አለኝ።

እህትህ ኢክላስ

ደማም፣ ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 1989 ዓ.ም.