አንገቱ የጠመመው ድስት

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.። ከሰባቱ ድስቶቼ ስድስቱ እሳት ላይ ፈነዱ።

ወንድምዓለም ሚልክያስ፣ እንደምን ከርመሃል? የጋምቤላ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? የባለቤትህ የምሕረት ሳልስ ለቀቃት? እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

በአርባ አራት ዓመቷ ጭቃ ልታቦካ ነው ብለህ በስልክ የሳቅክብኝን አልረሳሁም። እንግዲህ ጉዱን ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔው ስማ። የሸክላ መምህራችን አስካለች ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷም አያቷም ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። እትዬ እያለች ታከብረኛለች፣ ግን አትምረኝም። በዚህ ወር አንድ ደህና ድስት ከእሳት ያላወጣ ሁለተኛውን የትምህርት ዙር አይገባም ብላ ነበር። እኔ ባለፈው ወር ያወጣሁት ስባሪ ብቻ ነው። ካልገባሁ ደግሞ ወደ ቤት መመለስና ዓመቱን ሙሉ የአንተን ሳቅ መስማት ሊሆን ነው።

ስለዚህ ተጠነቀቅሁ። ድስቶቹን እንዲደርቁ ጥላ ሥር ደረደርኩና፣ አቧራ እንዳይነካቸው ብዬ እንደ ቆጮ በኮባ ጠቀለልኳቸው። ሳምንት ቆዩ። ኮባው ስድስቱን አዳርሶ አለቀ። ሰባተኛው አንገቱ የጠመመ፣ ለሰው የማላሳየው ስለነበር እንዲሁ ግድግዳ ሥር ተውኩት።

እሳቱ ሲያያዝ አንድ በአንድ ጧ! ጧ! ማለት ጀመሩ። ከአጥር ማዶ ልብስ የምታሰጣው ትርፌ ሳፋዋን ጥላ ሮጠች። አስካለች ስባሪውን አገላብጣ አየችና እንዴት አደረቅሻቸው አለችኝ። ነገርኳት። እትዬ፣ ኮባ እኮ እርጥበት ይይዛል፣ ለዚህ አይደል ቆጮ የምንጠቀልልበት፣ ድስቱም እንዲብላላ ፈልገሽ ነው? ብላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። አርባ ዓመት ኮባ ስቆርጥ ኖሬ ይህን ማጣቴ!

የጠመመው ግን ከአመዱ ውስጥ ቀልቶ ወጣ። ውሃ ሞላችበት፤ አላፈሰሰም። ቦሎቄ ጨምራ እስኪበስል እሳት ላይ አቆየችው፤ አልተሰነጠቀም። ቦሎቄውን አብረን በላነው። ከዚያ ስሜን ሁለተኛው ዙር ላይ ጻፈችና፣ አንገት ማቅናት እዚያ ትማሪያለሽ አለችኝ።

ምሕረትን ሳምልኝ። ፀደንያን ትምህርቷ ላይ እንድትበረታ ንገርልኝ። የትንሹን የኤልሳዕን ጉንጭ ነክሰህ ሳምልኝ። አማትህንም እጅ እነሣለሁ በልልኝ።

ሌላም የምጽፈው ነበረኝ፤ ነገር ግን አስካለች ለአዲሱ ዙር ጭቃ ከጉኑኖ አምጪ ብላኛለች፤ መናኸሪያ የሚያደርሰኝ ባጃጅም ደጅ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ጆንያዬን ይዤ ወጣሁ።

እህትህ ቦሼ
ወላይታ ሶዶ